ከጎባ ሲታይ፦ ኤች አይ ቪ፣ መድኃኒቱና መንገዱ

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ነገር ሲነሣ ሐሳባችን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጋምቤላ ወይም በጭነት መኪና መስመር ላይ ወዳሉት ከተሞች ይሄዳል። ቁጥሩም ወደዚያው ይመራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው አዋቂዎች በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በጋምቤላ 4.8፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 3.4 በመቶ ነበሩ። የባሌ ደጋ ስሙ ከፊት አይጠራም። እኔ ግን ጉዳዩን ከጎባ ሆኖ ማየት ይጠቅማል እላለሁ። ሰው እንዳይያዝ ምን ይደረግ? የተያዘውስ እንዴት ይታከም? ጎረቤቱስ በምን ዓይን ይየው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በዋና ከተማ በየቢሮው ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ በትንሽ ከተማ ግን አንድ ሰው ሦስቱንም ተሸክሞ በአንድ መንገድ ሲሄድ ይታያል።

ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በተራሮቹ ግርጌ ተቀምጣለች። የዞኑ መቀመጫ ዛሬ ሮቤ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዙሪያው የስንዴና የገብስ አገር ነው። ጎባ ያለው ሆስፒታል በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ 4377 ሜትር የሚደርሰው የቱሉ ዲምቱ ጫፍም እዚያው ነው። ከዚያ ወደ ሐረና ደን ይወርድና ቡና አብቃዩ ደሎ መና ይደርሳል። በምዕራብ ብርዳማው ዲንሾ፣ በምሥራቅ ጎሮና ጊኒር፣ ከእነሱም አልፎ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ምእመናን የሚጓዙበት ድሬ ሼህ ሁሴን አለ። ዛሬ በእነዚህ አካባቢዎች ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተከፍተዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ግን በየጤና ጣቢያው አልነበረም። በአገሪቱ ሁሉ የገጠር ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚያገኘው ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ወጥቶ ነበር። በባሌ መልክዓ ምድር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል።

የበሽታው ታሪክ በአገራችን አርባ ዓመት አልፎታል። ቫይረሱ በደም ናሙና ውስጥ የታየው በ1976 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ትምህርት ማስፈራራት ነበር። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ የተለጠፉት የራስ ቅልና የተመናመነ ሰው ሥዕሎች፣ በሬዲዮ የሚነገረው «መድኃኒት የሌለው ገዳይ በሽታ» የሚለው ቃል፣ ለብዙዎቻችን ስለ ኤድስ የሰማነው የመጀመሪያው ነገር ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሌላ ምን ይባል ነበር የሚል አይጠፋም፤ እውነትም አለው። ሆኖም ፍርሃቱ ከበሽታው ይልቅ በበሽተኛው ላይ አረፈ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም ሥዕሉ ከግድግዳው ወረደ እንጂ ከሰው ልብ አልወረደም።

መንግሥት የኤች አይ ቪ ፖሊሲ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ የመከላከልና መቆጣጠር ጽሕፈት ቤቱ በአዋጅ የቆመው ደግሞ በ1994 ዓ.ም.። በዚያ ዘመን ስለ በሽታው ስፋት የሚነገረው ቁጥር እጅግ ከባድ ነበር። ለ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ይፋ ግምት ከአዋቂዎች 4.4 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ፣ የሕሙማኑም ብዛት 1.5 ሚሊዮን እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ቤት ለቤት ደም ተወስዶ የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን 1.4 በመቶ አገኘ። በሽታው በሁለት ዓመት ወደ ሲሶ ወርዶ አይደለም። የቀድሞው ግምት በአመዛኙ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡ እናቶች የተወሰደ ስለነበር ከተማው ገኖ፣ ገጠሩ ተሸፍኖ ነበር የታየው። ልዩነቱ በ2008ቱ ጥናት በግልጽ ወጥቷል፦ በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ። ባሌን ለሚያስብ ሰው ይህ ቁልፍ ነገር ነው። ጎባና ሮቤ በሰፊ የገጠር ባሕር መሐል ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ገበሬው ለገበያ፣ ተማሪው ለትምህርት፣ ነጋዴው ለስንዴ፣ ሕመምተኛው ለሆስፒታል ይመጣባቸዋል፤ ሁሉም ተመልሶ ይሄዳል።

መከላከሉን በተመለከተ የኛ አገር ትምህርት ለዓመታት በሦስት ቃላት ላይ ቆሞ ነበር፦ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም። በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ። «ሕይወት ትረስት» ኮንዶም እስከ ትንንሽ ሱቆች ደረሰ። ሬዲዮው ከሁሉም የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ዲምቢባ» የተባሉ ተከታታይ ድራማዎች ይተላለፉ ነበር። በድራማዎቹ የሚሰሙት ሰዎች የሚያፈቅሩ፣ የሚሳሳቱ፣ የሚመረመሩ ሰዎች ነበሩ። አድማጩ የሚፈራውን ነገር በሌላ ሰው ሕይወት አየው። ለባሌ ገጠር በአፋን ኦሮሞ መሰማቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ስለ በሽታው የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከከተማ፣ በከተማ ቋንቋ ይመጣ ነበርና። በ1996 ዓ.ም. የተከፈተው 952 «ወገን» የስልክ መስመርም ስም ሳይጠይቅ ስለመለሰ ብዙዎች ለማንም ያልተናገሩትን ነገሩት።

ኢትዮጵያ ከደቡባዊ አፍሪካ አገሮች በእጅጉ ያነሰ ጉዳት የደረሰባት ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ግርዛት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄዱ ሦስት ሙከራዎች የወንድ ግርዛት ከሴት ወደ ወንድ የሚደረገውን መተላለፍ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በእኛ አገር ከጋምቤላ በቀር በአብዛኛው ወንድ ልጅ በሕፃንነቱም ሆነ በልጅነቱ ይገረዛል፤ በባሌ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ይህን ጋሻ ማንም ለኤች አይ ቪ ብሎ አላበጀውም፤ ያለ ፕሮጀክትና ያለ በጀት የቆየ ነው። ሴቲቱን ግን አይጠብቃትም። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት ሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 1.9 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ለአንድ የተያዘ ወንድ ሁለት የተያዙ ሴቶች ማለት ነው።

ይህ ቁጥር በደጋው ኑሮ ውስጥ መልክ አለው። የባሌ ስንዴ «ገና» እና «ቦና» በሚባሉት ወቅቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሩ ከነሾፌሩና ከነረዳቱ ይመጣል፤ ነጋዴው፣ ደላላው፣ ጫኚው ይከተላል። ገንዘብ በአጭር ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቡና ቤቱና አልጋ ቤቱ ይሞላል። እዚያ የምትሠራው ወጣት ብዙ ጊዜ ከሌላ ወረዳ የመጣች፣ ዘመድ የሌላት ናት። ኮንዶም እንዲደረግ ብትጠይቅ ተጨማሪ ገንዘብ ይቀርብላታል፤ እምቢ ብትል ወደ ጎረቤቷ ይኬዳል። በገጠሩ ደግሞ የሟች ወንድም ሚስቱን የሚወርስበት ልማድ በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ የቆየ ነው። ልማዱ መበለቲቱንና ልጆቿን ያለ ደጋፊ ላለማስቀረት የተበጀ ነውና በንቀት የሚነሣ አይደለም። ነገር ግን ባልየው በምን እንደሞተ ሳይነገር፣ ሴቲቱም ሳትመረመር ውርሱ ከተፈጸመ ሞት ከአንድ ጎጆ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ይህን በግልጽ ሊያስተምር የሚችለው ከዞን የሚላክ ባለሙያ ሳይሆን ጋብቻውን የሚያስፈጽሙት የአገር ሽማግሌዎችና ሼኾች ናቸው።

በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ከጋብቻ በፊት ምርመራ መጠየቅ በአገራችን ተለምዷል። በዚህ ብዙ ሰው ራሱን አውቋል፤ መልካም ነው። የሚያሳስበኝ የወረቀቱ አጠቃቀም ነው። ወረቀቱ ነጻ ካለ ሠርጉ ይቀጥላል፤ ካላለ ሠርጉ ይፈርሳል፤ ከተማውም ለምን እንደፈረሰ በሁለት ቀን ውስጥ ይገምታል። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንድ ተጋብቶ፣ ጤነኛ ልጅ ወልዶ መኖር እንደሚችል ከወረቀቱ ጋር አብሮ የሚነግር ሰው በየደጁ መኖር ነበረበት።

እንዴት ይቻላል ለሚል አንባቢ የሕክምናውን ታሪክ ላስታውስ። ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ላይ መስጠት ሕይወት እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ1996 ታወቀ። የአንድ ሰው የዓመት ወጪ ግን ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር፤ የአፍሪካ ሕመምተኛ ሲሞት መድኃኒቱ በሌላ አህጉር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ በዓመት 350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። በር የተከፈተው ያኔ ነው። በእኛ አገር መድኃኒቱ በክፍያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በነጻ መሰጠት የጀመረው ጥር 1997 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መካከል መሬቱንና ከብቱን ሸጦ ለጥቂት ወራት ገዝቶ ያቆመ ስንቱ ነው!

ነጻ ከሆነም በኋላ በሩ ጠባብ ነበር። መድኃኒት ለመጀመር ሲዲ ፎር የተባሉት በሽታ ተከላካይ የደም ሴሎች ቁጥር ከ200 በታች መውረድ ነበረበት። ራሱን አሸንፎ የተመረመረ፣ ቫይረሱ እንዳለበት የተነገረው ሰው «ገና ነህ፣ ሲወርድ ትጀምራለህ» ተብሎ ይመለስ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ተመልሰው የመጡት በቃሬዛ ነው። መስፈርቱ ወደ 350፣ ከዚያም ወደ 500 ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ የተመረመረ ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ይጀምር የሚለውን አሠራር ተቀበለች። ዛሬ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት አንድ ክኒን ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። ግሎባል ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ይህን መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ45 ዶላር በታች ይገዛዋል።

መድኃኒቱና መገለሉ ሁልጊዜ አብረው ሄደዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስታቩዲን የተባለው መድኃኒት ከሌሎቹ ጋር በብዛት ይሰጥ ነበር። ሕይወት አድኗል፤ በጊዜ ብዛት ግን የጉንጭንና የክንድን ስብ አሟጥጦ ሌላ መልክ ይሰጥ ነበር። ምስጢሩን በአፉ የጠበቀ ሰው በፊቱ ተነገረበት። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቀጥሎ የመጣው ኤፋቪረንዝ ደግሞ ሌሊቱን በቅዠትና በማዞር ያስቸግር ነበር፤ አብሮ ለሚተኛ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል? በቀን ሁለት ጊዜ ይዋጥ የነበረው የቀድሞው መድኃኒት በረመዳን ፆመኛውን፣ በዐቢይ ፆም እስከ ማምሻ የሚቆየውን ያስጨንቅ ነበር። የዛሬው ክኒን በቀን አንዴ ስለሆነ በኢፍጣር ሰዓትም፣ ከቅዳሴ መልስም ይዋጣል፤ ፆም ማፍረስ አያስፈልግም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በባሌ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚፆሙበት አገር፣ መነገር ካለባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው።

የፀበልም ጥያቄ ነበር። በእንጦጦ ማርያም ፀበል የሚጠመቁ ሕሙማን መድኃኒቱን እንዲተዉ ይነገራቸው በነበረበት ጊዜ፣ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለብዙዎች ከማንኛውም ሐኪም ቃል የበለጠ ያዳነ ቃል ነው። ከጎባ ወደ ሩቅ ፀበል የሚሄደውም፣ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዘውም ክኒኑን በስንቁ መሐል ይዞ እንዲሄድ መምከር የእምነት አባቶች ድርሻ ነው፤ ሐኪሙ ቢናገር «እምነት የለውም» ይባላልና።

አሁን ወደ ታላቁ ለውጥ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የተገለጸው ትልቅ ጥናት በጊዜ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቫይረሱን ወደ ትዳር ጓደኛው የማስተላለፍ ዕድሉ በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በመድኃኒት ቫይረሱ በደሙ እስከማይታይ ከወረደ ሰው ወደ ጓደኛው አንድም መተላለፍ አላገኘም። በደም ያለውን የቫይረስ መጠን በሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ የማይታይ ቫይረስ በወሲብ አይተላለፍም። ከእናት ወደ ልጅ የሚደረገውን መተላለፍም መድኃኒቱ በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ምንም ካልተደረገ ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ፤ እናቲቱ መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ከ5 በታች ይወርዳል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮም ማንኛዋም ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር መድኃኒቱን ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል ተደርጓል። ስለዚህ መታከምና መከላከል አንድ ሥራ ሆነዋል። ክኒኑን በወቅቱ የሚውጥ ሰው ከማንም በላይ ሌላውን ሰው እየጠበቀ ነው። ጎረቤቱ የሚሸሸው ግን እሱን ነው፤ ያልተመረመረውን አይሸሽም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረው ክፍተት የት እንዳለ የ2010ሩ የከተሞች ጥናት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች መካከል ያለባቸው መሆኑን የሚያውቁት 79 በመቶ ነበሩ። ካወቁት መካከል 97 በመቶው መድኃኒት ላይ ነበሩ፤ መድኃኒት ላይ ካሉት ደግሞ 88 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገቷል። ያወቀ ይታከማል፤ የታከመ ቫይረሱ ይገታለታል። የሚጎድለው የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ አያውቅም፤ ወንዶችና ወጣቶች ከሌሎች የበለጠ አያውቁም። አያውቁም የሚባሉትም ሁሉ ምርመራ አጥተው አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ይህ ተረት ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ይጥላል፤ ለምን እንደሚደብቅ አይጠይቅም። በቤት ኪራይ ላይ ያለ ሰው ቢታወቅበት «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ይባላል። ጉሊት የምትቸረችር ሴት ብትሆን ደንበኛዋ ከአጠገቧ ካለችው መግዛት ይጀምራል። በዘመድ ቤት ለምትኖረው ሰሃንና ብርጭቆዋ ይለይላታል፤ ማንም ምንም አይናገርም፤ ብርጭቆው ብቻ ከሌሎቹ ጋር አይታጠብም። ልጅ ያላት እናት ልጇ በሰፈር እንዳይነጠል ትሰጋለች። ሕጉ ከሰው ቀድሞ ሄዷል፤ ለመንግሥት ሥራ ለሚቀጠር ሰው የሚጠየቀው የጤና ምርመራ ኤች አይ ቪን እንዳይጨምር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ተደንግጓል። ሰሃን መለየትን የሚከለክል አዋጅ ግን አይወጣም።

ስለዚህ ሰው መላ ያበጃል። የመድኃኒቱን ዕቃ ስሙን ፍቆ፣ እንዳይንኳኳ ጥጥ ይጨምርበታል፤ ወይም ክኒኑን ወደ ሌላ ብልቃጥ ይገለብጠዋል። ከሚኖርበት ከተማ ጤና ተቋም ርቆ በሌላ ከተማ ይመዘገባል። ጎባና ሮቤ እንዲህ በተጠጋጉበት አገር የአንዱ ከተማ ሰው በሌላው ቢታከም አይገርምም፤ ሻሸመኔ ወይም አዳማ ድረስ የሚሄድም ይኖራል። የሩቁ ተቋም ምስጢር ይጠብቃል፤ ግን የመኪና ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ የቀን ሥራ ያስቀራል፤ መንገድ ሲዘጋም ቀጠሮ ያሳልፋል። ሆስፒታሉ «ከክትትል የጠፋ» ብሎ ይመዘግበዋል። መገለል ወደ ሞት የሚወስደው በዚህ ቀጭን መንገድ ነው፦ ቀጠሮ ያለፈው ሰው መድኃኒቱ ያልቅበታል፤ ቫይረሱ ይነሣል፤ ቲቢ ይከተላል። ዘግይተው ተመርምረው ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ መድኃኒቱን በጀመሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደሚያልፉ በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳያሉ።

የርቀቱን ሸክም ያቀለለ አንድ ጥሩ ውሳኔ አለ። ከ2009 እና 2010 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱ በደንብ የሠራለት ሰው በየስድስት ወሩ ብቻ እንዲቀጠር ተፈቀደ። ለባሌ ይህ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። በወቅት ከብቱን ይዞ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ለ«ጎዳንቱ» የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር በየወሩ ከተማ ሊወጣ አይችልም ነበር። አሁን ወደ ሐረና ሲወርድ ክኒኑን ቋጥሮ ይወርዳል። ኤአርቲ በሚባለው የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ላይ ከመቀመጥም በዓመት አሥር ጊዜ ያህል ይድናል፤ ያ ወንበር ላይ መታየት ነውና ብዙዎችን ያሸሸው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው የሚያጽናናው ማን ነበር? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በ1989 እና 1990 ዓ.ም. ገደማ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ሲቋቋሙ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ጥቂት ኢትዮጵያውያን በአደባባይ ቆመው «እኔ ነኝ» ማለት ጀመሩ። መድኃኒት አልነበረም፤ ጥበቃም አልነበረም። በኋላ መድኃኒቱ ሲመጣ የእነሱ ዓይነት ሰዎች በየሆስፒታሉና ጤና ጣቢያው ሥራ አገኙ፦ ኬዝ ማናጀር፣ መድኃኒት በአግባቡ መውሰድን የሚያግዝ አድኸረንስ ደጋፊ፣ የእናቶች ድጋፍ ቡድን መሪ። ዲፕሎማ የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ሆኖም መድኃኒቱን ራሳቸው ይውጡታል። አዲስ ተመርምሮ ወንበር ላይ የደነዘዘውን ሰው «እኔም አለብኝ፣ አሥር ዓመት ሆነኝ» ብለው የሚያነቁት እነሱ ናቸው። የጠፋውን ሰው በስልክ የሚፈልጉት፣ ስልኩ ሲዘጋ ሰፈሩ ሄደው፣ ለጎረቤት «የአክስቱ ልጅ ነኝ» ብለው የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ዕቁብ በመሰለ ስብሰባ ቡና አፍልተው እናቶችን የሚያገናኙ፣ ልጅ ሲወለድ ለሕፃኑ የመከላከያ ሽሮፕ መሰጠቱን የሚከታተሉ እነሱ ናቸው። ነርሷን ሕመምተኛው «ሲስተር» ይላታል፤ እነዚህን በስማቸው ነው የሚጠራቸው።

የእነዚህ ሰዎች ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፈለው በውጭ ገንዘብ ነበር። መድኃኒቱን ግሎባል ፈንድ ይገዛል፤ ሠራተኛውንና ክትትሉን በአመዛኙ የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ይደግፍ ነበር። ጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ለክልሎች አስታወቀ። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። ሰዎችም ሲጽናኑ የሰማሁት በዚህ ነው፦ «ክኒኑ አለ»። ክኒኑ መኖሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከላይ እንዳልኩት የሚጎድለን ክኒን አይደለም፤ ያላወቀውን ወደ ምርመራ፣ የጠፋውን ወደ ቀጠሮ የሚያመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ የተቆረጠው ይኸው ክር ነው። በትግራይና በአማራ ክልል በጦርነት ምክንያት ሕክምናቸው የተቋረጠባቸውን ስናስብ ደግሞ የዚህ ክር መቆረጥ ምን እንደሚያመጣ ከአገራችን ታሪክ ማየት እንችላለን፤ መድኃኒት ሲገባ እንኳ ሰውን ፈልጎ ማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጅቷል።

በዓለም ደረጃ ያለው ሥዕል ተስፋም ስጋትም አለው። በኤድስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2004 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ2024 ወደ 630,000 ወርዷል። ከ40 ሚሊዮን ከሚበልጡት ሕሙማን 31 ሚሊዮን ያህሉ ይታከማሉ። ሆኖም በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በአዲስ ተይዘዋል። ሌናካፓቪር የተባለው በዓመት ሁለት ጊዜ በመርፌ የሚሰጥ መከላከያ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ሲሞከር፣ ከወሰዱት ከ2000 በላይ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች አንድም አልተያዘም። ሰኔ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ፤ በርካሽ የሚመረተው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ለአንድ ሰው በዓመት 40 ዶላር ገደማ እንደሚሸጥ ተነግሯል። በሮቤ ቡና ቤት የምትሠራ ወጣት የሚንኳኳ ብልቃጥ ሳትደብቅ፣ ወንድ ሳትለምን፣ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ተወግታ ልትጠበቅ ትችላለች ማለት ነው። መርፌው መጥቶላት እንኳ ስለ መርፌው የሚነግራት፣ እስከ ክሊኒኩ የሚያደርሳት ሰው ከሌለ ግን ባዶ ነው።

ሁሉን ሰው በጅምላ መመርመር ዛሬ አያዋጣም፤ ቫይረሱ ያለበት በገጠር ከ250 ሰው አንድ ነውና። የሚሠራው የታማሚውን የትዳርና የወሲብ ጓደኞች፣ ልጆቹንም ፈልጎ መመርመር፣ ሰው በቤቱ ራሱን እንዲመረምር ኪት መስጠት ነው። የጓደኛን ስም መጠየቅ በትልቅ ከተማ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ጎባን በመሰለ፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ግን ስም መስጠት ሰውን መስጠት ነው። ሕመምተኛው ስሙን የሚነግረው ለሚያምነው ብቻ ነው፤ እምነትም በሦስት ወር ውል አይገነባም።

የዞኑ፣ የሮቤና የጎባ ከተሞች እንዲሁም የወረዳዎቹ ምክር ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲያጸድቁ ከላይ ላነሣኋቸው ኬዝ ማናጀሮችና ደጋፊዎች ቋሚ መደብ ይክፈቱ። በእያንዳንዱ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥ ጤና ጣቢያ ሁለት ሰው በቂ ነው፤ ደመወዙም ከአንድ የአውደ ጥናት አበልና ነዳጅ ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለጥናት ሲልክ የጠፉትን ሕሙማን ከመቁጠር አልፎ በመመለሱ ሥራ ያሳትፋቸው። እድሮች ለአባሎቻቸው ቀብር የሚያዋጡትን ያህል አባል በሕይወት እያለ ለመኪና ኪራይ ያዋጡ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ተመርምረህ የማታውቅ ከሆነ ዛሬ ተመርመር፤ ቤትህ መጥቶ ቡና የሚጠጣ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ብታውቅ ደግሞ ስኒውን ከሌሎቹ ጋር እጠብ።